የታመመ ተከሳሽ በዋስ እንዲወጣ እንዴት ይጠየቃል?

ዘመዱ ታስሮ የታመመበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመጣል። ስኳር አለበት፣ ደም ግፊት አለበት፣ ኩላሊቱ ተጎድቷል የሚል። ልደታ ችሎት ሲቀርብ ዳኛው ያነቡትና «ማረሚያ ቤቱ ያሳክመው» ብለው ለሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። መታመሙ በጽሑፍ ቀርቦ እንዴት?

ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ሌላ መልስ ነው። ሰውየው መታመሙን ብዙ ጊዜ ማንም አይክድም። ጥያቄው ታስሮ እያለ በሚገባ መታከም ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። አቤቱታዎች የሚወድቁት ይህን ሳይመልሱ ስለሚቀርቡ ነው። የሚያሳዝነው መልሱ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ጋ መኖሩ ነው። ጻፍልን ያለው ስለሌለ አይጻፍም።

ከዚህ በታች ያለው መሐል አዲስ አበባ ላይ፣ በልደታ ወይም በአራዳ ምድብ ችሎት ጉዳይ ላለው ቤተሰብ ነው። ጠበቃ ካላችሁ አብራችሁት አንብቡት።

መጀመሪያ አንቀጹን እወቁ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይናገራል። መነሻው መፈታት ነው። መከልከል የሚቻለው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋስትና ስትጠይቁ ልመና ላይ አይደላችሁም።

ልዩ ሁኔታዎቹን ግን ማወቅ ግድ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 በር የሚዘጋው፣ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ሲሞት ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። በሙስና ክስ ደግሞ የራሱ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 434/1997 መሠረት ክሱ ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም።

ክስ ከተመሠረተ የክስ ቻርጁን አውጡና የተጠቀሰውን አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ተመልከቱ። ገና በምርመራ ላይ ከሆነ መርማሪው በየትኛው ወንጀል እንደጠረጠረው በጊዜ ቀጠሮ መዝገቡ ላይ ይገኛል። ይህን ሳያውቁ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት መዞር ድካም ብቻ ነው። ምክንያቱም ሕጉ ዋስትና በከለከለው ወንጀል ሕመም ብቻውን በሩን አይከፍትም። እዚያ የሚጠየቀው የሕክምና ትዕዛዝ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወንጀሉ ዋስትና የማይከለክል ከሆነ የሚቀረው የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ነው። ዳኛው ሦስት ነገር ይመዝናሉ። ሰውየው ቢወጣ ግዴታውን አክብሮ ይቀርባል ወይ? ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይ? ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ወይ? ሕመም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህ ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። መቁረጥ ግን የለበትም። ሕመሙ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሦስት ቀን ዘውዲቱ ወይም ምኒልክ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው የት ይጠፋል? ከማሽኑ ከራቀ ሕይወቱ ነው የሚያልፈው። ቀጠሮው፣ መኖሪያው፣ መንገዱ ሁሉ የታወቀ ነው። ጠበቆች ይህን ክርክር ከሚገባው በታች ነው የሚጠቀሙበት። የዳኛውን ርኅራኄ ብቻ ይዞ የቀረበ አቤቱታ ሕጉን ይዞ ከቀረበው ጋር እኩል ክብደት የለውም።

ሐኪሙን ምን እንደምትጠይቁ

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውጡ።

«ታካሚው የስኳር ሕመም አለበት» የሚል ወረቀት ውሃ አያነሳም። ስኳር ያለበት እስረኛ ብዙ ነው፤ አብዛኛው እዚያው መድኃኒቱን እየወሰደ ይኖራል። ሐኪሙ እንዲጽፍ የሚያስፈልጋችሁ አራት ነገር ነው። በሽታው ምንድን ነው፣ በምን ደረጃስ ላይ ነው? ምን ዓይነት ሕክምና፣ በየስንት ጊዜው፣ በምን መሣሪያና በየትኛው ስፔሻሊስት ይሰጣል? ሕክምናው ቢቋረጥ ወይም ቢዘገይ ምን ይከተላል፣ በምን ያህል ጊዜ? በክሊኒክ ደረጃ ሊሰጥ ይችላል ወይስ ሆስፒታል የግድ ነው?

በትሕትና ጠይቁ። ሐኪሞች የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ አይፈረድባቸውም። «ይፈታ ብለው ይጻፉልን» አትበሉ። ያ የዳኛው ሥራ ነው፤ ሐኪሙ ቢጽፈው ወረቀቱን ያዳክመዋል። «ሕክምናው ምን እንደሚፈልግ ብቻ በዝርዝር ይጻፉልን» በሉ። ይህን የሚከለክል ሐኪም ብዙም አይገጥማችሁም።

የሕመሙ ዓይነት ክርክሩን ይለውጠዋል። የኩላሊት እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አጃቢ ፖሊስ ሲጠፋ ወይም መኪና ሲበላሽ አንድ ቀን ይዘለላል፤ ያ አንድ ቀን ሊገድል ይችላል። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለሳምንታት በተከታታይ የሚሰጥ ነው፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ውጤቱ ይበላሻል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ የሚወስደውም ሰው ምግቡን በሰዓቱ ማግኘት አለበት። በጣቢያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ ወይ? ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ችሎት ላይ ከረጅም ንግግር የበለጠ ይሠራል።

ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱን የተላመደው ዓይነት ከሆነ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚያስል ሰው ለሌሎች እስረኞችና ለጠባቂዎችም አደጋ ነው። ይህን በአቤቱታው ላይ ጻፉት። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ያለማቋረጥ መውሰድ አለበት። እርግዝና ሕመም ባይሆንም፣ የደም ግፊት ወይም የደም መፍሰስ ካለበት እንደ ከባድ የጤና ምክንያት ልታቀርቡት ትችላላችሁ።

የአእምሮ ሕመም ከሆነ መንገዱ ይለያል። ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ለምርመራ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። እዚያ የሚነሳው ጥያቄ ከዋስትናም በላይ ነው፤ ድርጊቱን ሲፈጽም ኃላፊ ነበር ወይ፣ አሁንስ ችሎቱን መከታተል ይችላል ወይ የሚል። ስለዚህ ያለ ጠበቃ አትግቡበት።

ከየት የመጣ ወረቀት ይሻላል? ከመንግሥት ሆስፒታል። ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ፣ ምኒልክ። የግል ሆስፒታል ወረቀት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዓቃቤ ሕግ ግን «ተከፍሎበት ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም ካላችሁ ሁለቱንም አያይዙ። በተለይ ከእስሩ በፊት የነበረ የሕክምና ታሪክ ትልቅ ዋጋ አለው። የቆየ የካርድ ቁጥር፣ የድሮ ላብራቶሪ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድኃኒት ደረሰኝ ሁሉ ይጠቅማል። በሽታው ከታሰረ በኋላ የተፈጠረ ሰበብ አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው።

ሆስፒታሉ የታካሚውን ፋይል ለቤተሰብ አልሰጥም ካለ ትክክል ነው፤ ምስጢሩ የታካሚው ነው። ታሳሪው ራሱ ፈርሞ ይጠይቅ። ያ ካልሆነ ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ እንዲጽፍ አመልክቱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በሽታ አታጋንኑ፤ የውሸት ወረቀት አታሠሩ። ፍርድ ቤት ወረቀቱን ወደ ሆስፒታሉ መልሶ ማጣራት ይችላል። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ራሱ ወንጀል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ሕመምም ማንም አያምነውም። ጉዳቱ በእናንተ ብቻ አይቀርም፤ ከኋላችሁ ተሰልፎ የሚጠብቀው እውነተኛ በሽተኛም ይጠረጠራል።

ማረሚያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ

ሐኪሙ ሕክምናው ምን እንደሚፈልግ ጻፈ። አሁን የቀረው ማረሚያ ቤቱ ያ ነገር እንደሌለው ማሳየት ነው። ይህን ከራሱ ከማረሚያ ቤቱ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ላለ ታሳሪ ለጤና ክፍሉና ለአስተዳደሩ ማመልከቻ ጻፉ። «ታሳሪው ይህ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ በክሊኒካችሁ ይሰጣል ወይ? ካልሆነ በየቀጠሮው ሆስፒታል ትወስዱታላችሁ ወይ?» በሉ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ በአንዱ ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ቀን አስደርጉ። መልስ ከሰጡ መልሱን አያይዙ። ካልሰጡ ያንኑ የተፈረመበትን ኮፒ አያይዙ። ያመለጡ ቀጠሮዎች ካሉ ቀናቸውን በተራ መዝግቡ። ስንቅ ለማቀበል የሚሄደው ሰው ማስታወሻ ይያዝ። መቼ ታመመ፣ ለማን ተነገረ፣ ምን ተባለ። በቀን የተደገፈ አጭር ዝርዝር ከእንባ ይልቅ ያሳምናል።

እግረ መንገዳችሁን ይህን እወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21(2) መሠረት ታሳሪ ከቤተሰቡና ከጠበቃው ሌላ ሐኪሙም እንዲጎበኘው መብት አለው። የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆቹ 2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦችም፣ ገና ያልተፈረደበት እስረኛ በቂ ምክንያት ካለውና ወጪውን ከቻለ በራሱ ሐኪም እንዲታከም ይፈቅዳሉ። ሐኪማችሁ ገብቶ እንዲያየው ጠይቁ። ከተከለከለ እሱም ለአቤቱታው አንድ ነጥብ ነው።

አቤቱታው

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 64 እንደሚለው የዋስትና ማመልከቻ በማንኛውም ጊዜ ይቀርባል። በጽሑፍ ይሆናል፤ አመልካቹ ይፈርምበታል። የተጠየቀበት ምክንያትና ሊያቀርበው ያዘጋጀው ዋስትና ዓይነት ባጭሩ ይገለጽበታል። የሚቀርበውም መዝገቡን ለያዘው ችሎት ነው። በምርመራ ላይ ከሆነ ጊዜ ቀጠሮ ለሰጠው ችሎት፣ ከተከሰሰ ክሱን ለሚያየው።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትን ጠይቁ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ሕግ ድጋፍም አለ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ ራፖር ጸሐፊ ማስጻፍም ይቻላል። ግን ሐሳቡን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አለዚያ ለሁሉም የሚጻፈው ተመሳሳይ ጽሑፍ ይደርሳችኋል።

ሁለት ገጽ ይበቃል። ፍሬ ነገሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«አመልካች የተከሰስኩበት አንቀጽ ዋስትና የሚከለክል አይደለም። ከመታሰሬ በፊት ጀምሮ በኩላሊት ድካም ሕክምና ላይ ነበርኩ፤ ማስረጃው ከገጽ 1 እስከ 4 ተያይዟል። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት እንደሚያስፈልገኝ ሐኪም በገጽ 5 አረጋግጧል። ማረሚያ ቤቱ ይህ ሕክምና በክሊኒኩ እንደሌለ በገጽ 6 ገልጿል። በገጽ 7 በተዘረዘሩት ቀናት ሕክምናዬ ተቋርጧል። መኖሪያዬና የሕክምና ቀጠሮዬ የታወቀ ስለሆነ ከችሎት የምቀርበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የተከበረው ፍርድ ቤት ተመጣጣኝ ዋስትና አስይዞ እንዲፈታኝ፤ ይህ የሚታለፍ ከሆነ በአማራጭ ማረሚያ ቤቱ በየቀጠሮዬ ወደ ሆስፒታል እንዲወስደኝና አፈጻጸሙን ለችሎቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። አማራጭ ጥያቄ ያልያዘ አቤቱታ ውድቅ ሲሆን በሽተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። አማራጭ ካለ ዳኛው ዋስትናውን ቢከለክሉ እንኳ ሕክምናውን ሊያዙ ይችላሉ። «አፈጻጸሙን ያሳውቅ» የሚለው ደግሞ ትዕዛዙ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ያደርጋል።

ሕመሙ በአደባባይ እንዲነገር የማትፈልጉት ከሆነ ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ አቅርቡና ስሙ በችሎት እንዳይጠራ ጠይቁ።

ዋሱን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ብዙ ሰው ዋስትና ከተፈቀደ በኋላ ነው ገንዘብ ፍለጋ የሚሮጠው። ለበሽተኛ እያንዳንዷ ሌሊት ዋጋ አላት። የጥሬ ገንዘብ፣ ደመወዙን አስመስክሮ የሚዋስ ሰው፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ፣ የትኛው እንዳላችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። የዋሱ የሥራ ደብዳቤ ይጻፍ፤ መታወቂያው ይታደስ።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 69 የዋስትናው ገንዘብ ሲወሰን የክሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅምም እንዲታይ ያዛል። ለሕክምና ያወጣችሁትን ደረሰኝ አያይዛችሁ አቅማችሁን አስረዱ። ሊከፈል የማይችል ዋስትና ከመከልከል አይለይም።

ችሎት ላይ

ፍርድ ቤቱ የዓቃቤ ሕግን ወይም የመርማሪውን አስተያየት ይጠይቃል። ሕጉ ውሳኔው ሳይዘገይ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይላል። በተግባር ሊዘገይ ይችላል። በክረምቱ የፍርድ ቤት እረፍት ከሆነ ተረኛ ችሎት ጠይቁ፤ ዋስትና አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

የተለመደው ተቃውሞ «ማረሚያ ቤቱ ሐኪም አለው» የሚል ነው። ለዚህ ነው በአቤቱታው ገጽ 6 የተያያዘው የማረሚያ ቤቱ መልስ ያስፈለገው። ዳኛው የሐኪሞች ቦርድ አይቶት ውጤቱ ይምጣ ሊሉ ይችላሉ። ይህን እንደ ሽንፈት አትዩት። ቦርዱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች በትዕዛዙ ላይ እንዲጻፉ ግን ጠይቁ። አለበለዚያ ከሳምንታት በኋላ «ታሟል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይመጣል። ቀጠሮው አጭር ይሁን። ትዕዛዙንም ከሬጅስትራር ወጪ አስደርጋችሁ ራሳችሁ ለሆስፒታሉ አድርሱ፤ ጠዋት 2:30 ላይ መዝገብ ቤት በር ላይ የተገኘ ሰው ያንኑ ቀን ሊጨርስ ይችላል።

ሲፈቀድና ሲከለከል

ከተፈቀደ ገንዘቡን ከፍላችሁ ደረሰኙን ወደ መዝገቡ መልሱ። የመፍቻ ትዕዛዝ ይጻፋል። ትዕዛዙ «በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ» እንዲፈታ የሚል ስለሚሆን ሌላ መዝገብ እንደሌለበት አስቀድማችሁ አጣሩ። ዋናውን ደረሰኝ እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት። ተከሳሹ እስከ መጨረሻው ከቀረበ ገንዘቡ የሚመለሰው በእሱ ነው። ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ እግድ ሊያመጣ እንደሚችልም ዝግጁ ሁኑ፤ ከፈቃዱ በኋላ ቀን አታሳልፉ።

ከተከለከለ የውሳኔውን ግልባጭ ያንኑ ዕለት ጠይቁ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 75 መሠረት ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለማመልከት ያላችሁ ጊዜ 20 ቀን ነው። ከዚያም ሌላ፣ ሁኔታው ከተለወጠ ለዚያው ችሎት እንደገና ማመልከት ይቻላል። ሕመሙ ከባሰ፣ አዲስ የምርመራ ውጤት ከመጣ፣ የታዘዘው ሕክምና ካልተፈጸመ፣ እነዚህ አዲስ ነገሮች ናቸው። የድሮውን አቤቱታ ቀኑን ቀይሮ ማስገባት ግን ዳኛውን ከማሰልቸት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ክሱ ራሱ ዋስትና የሚከለክል ሲሆን ትግሉ ወደ ሕክምና ትዕዛዙ ይዞራል። በየቀጠሮው ወደ ሆስፒታል መወሰድ፣ የራስ ሐኪም መግባት፣ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የክሱ ቶሎ መታየት። ትዕዛዙ ካልተከበረ በቀጣዩ ቀጠሮ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ቀርቦ እንዲያስረዳ አመልክቱ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤት በሉ። ኮሚሽኑ ማረሚያ ቤቶችንና ጣቢያዎችን የመጎብኘት ሥልጣን አለው።

ከወጣ በኋላ

በሕክምና ምክንያት የተፈታ ሰው መታከም አለበት። ግልጽ ይመስላል፤ ግን ወጥተው ሆስፒታል የማይረግጡ አሉ። ዓቃቤ ሕግ ይህን ካሳየ ዋስትናው እንደገና ሊታይ ይችላል። የእያንዳንዱን ቀጠሮ ወረቀት አስቀምጡ።

ከሀገር ወጥቶ መታከም የሚያስፈልግ ከሆነ ዋስትናው ብቻ አያሳልፍም። ፍርድ ቤቱ የጉዞ እግድ አስተላልፎ ከሆነ እግዱ እንዲነሳ በሌላ አቤቱታ ይጠየቃል። ሕክምናው እዚህ እንደማይገኝ የሐኪሞች ቦርድ የጻፈውን፣ የተቀባዩን ሆስፒታል ደብዳቤና የመመለሻውን ቀን አያይዙ። ትኬት የሚቆረጠው ትዕዛዙ ለኢሚግሬሽን መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

በችሎት ቀን ሆስፒታል ከተኛም ዝም አትበሉ። የተኛበትን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሆስፒታሉ አስጽፋችሁ ችሎቱ ከመሰየሙ በፊት ለሬጅስትራር አስገቡ፤ አንድ ሰው ደግሞ ችሎቱ ውስጥ ገብቶ ስሙ ሲጠራ ይናገር። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ቢደርስ ዋስትናው ተሰርዞ የመያዣ ትዕዛዝ ወጥቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።